ክረምቱ አለቀ፣ ልጆቹ ግን ገና አልነቁም

መስከረም በገባ ቁጥር የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። ልጁ አልነሳ አለ፣ ልጅቷ በር ላይ ታለቅሳለች፣ ያምናው ትምህርት ከጭንቅላቱ ጠፋ፣ እንደዚ ነው ነገሩ። ዘንድሮ ግን አብዛኞቹ የመጡት ከከተማው ዳር ዳር ካሉ ሰፈሮች ነው፣ ሳነባቸው ለካ የችግሩ ግማሽ ከመንገዱ ርቀት ነው የሚመጣው። ሃያ ምናምን ዓመት ክፍል ውስጥ ቆሜ ያየሁትን፣ የራሴንም ልጆች ሳሳድግ ያገኘሁትን ይዤ አምስቱን መርጫለሁ። ረዣዥሞቹን ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ቲቸር እንዴት ከረሙ? ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው ምንኖረው፣ ልጆቼ 9 እና 6 ዓመታቸው ነው፣ ትምህርት ቤታቸው ሳሪስ አካባቢ ስለሆነ ሰርቪሱ 12 ሰዓት ከ10 ላይ ብሎካችን ስር ይመጣል። ክረምቱን ሙሉ ዝናቡም ጭቃውም ስላላስወጣቸው ፊልም ሲያዩ ያመሹና አምስት ስድስት ሰዓት ሌሊት ይሆናል፣ ጠዋት ደሞ እስከ ሦስት ሰዓት ይተኛሉ፣ እኔም በቃ ይረፉ ብዬ ተውኳቸው። አሁን ትምህርት ከተጀመረ ሳምንት ሆነው፣ በየቀኑ ጠዋት ጭቅጭቅ ነው፣ ትልቁን ጎትቼ ነው ማስነሳው፣ ትንሿ ካልሲ ሳለብሳት እያለቀሰች መልሳ ትተኛለች፣ ቁርስ ሚባል ነገር የለም፣ ትናንት ሰርቪሱ ጥሏቸው ሄዶ በኮንትራት ታክሲ አደረስኳቸው። በጊዜ ተኙ ስላቸው አልጋ ላይ ሆነው አንድ ሰዓት ሙሉ ያወራሉ። አባታቸው መርካቶ ነው ሚሰራው፣ ሲገባ ሁለት ተኩል ሦስት ሰዓት ይሆናል፣ እሱን ሳያዩ መተኛት አይፈልጉም፣ እራትም አብረን ነው ምንበላው። መምህሯ ደሞ ትልቁ ክፍል ውስጥ ይተኛል ብላ ኮሚዩኒኬሽን ቡኩ ላይ ጻፈችልኝ፣ አንብቤ አለቀስኩ። ምን ላድርግ?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። አንድ ነገር ልንገርሽ፣ 4ኛ ክፍል ሳስተምር አንድ ልጅ ነበር፣ የመጀመሪያው ፔሬድ ላይ ደብተሩ ላይ ተደፍቶ ይተኛል፣ ቀና ሲል የእስክሪብቶው ቀለም ጉንጩ ላይ ተገልብጦ ታትሞ ታያለሽ። ሰነፍ መስሎኝ ብዙ ቀን ጥግ አቆምኩት። በኋላ እናቱ ስትመጣ ነው ከቤት 11 ሰዓት እንደሚወጣ፣ ሁለት ታክሲ ይዞ እንደሚመጣ ያወቅኩት። እስካሁን ይቆጨኛል። ስለዚ መጀመሪያ የመምህሯን ጽሑፍ እንደ ክስ አትውሰጂው፣ ከስሩ መልስ ጻፊላት፣ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ እያስተካከልሽ እንደሆነ ንገሪያት። መምህር ምክንያቱን ካወቀ ልጁን ሚያይበት ዓይን ይለወጣል፣ ይሄን በራሴ ነው ማውቀው።

አሁን ወደ እንቅልፉ። ብዙዎቻችን ምንሳሳተው ከማታው ስንጀምር ነው። ዛሬ በጊዜ ትተኛላችሁ ብለን መብራት እናጠፋለን፣ ሰውነታቸው ግን ሁለት ወር ሙሉ ስድስት ሰዓት ሌሊት ለምዶ እንዴት ብሎ በሁለት ሰዓት ይተኛ? ልጅን ተኛ ብለሽ ማስተኛት አትችዪም፣ ማስነሳት ግን ትችያለሽ፣ ስለዚ ከጠዋቱ ነው ሚያዘው። 11 ሰዓት ተኩል ካልሽ 11 ተኩል ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ደሞ ቢበዛ አንድ ሰዓት ጨምሪላቸው እንጂ እስከ ሦስት ሰዓት አይተኙ፣ አለበለዚያ በየሰኞው ከዜሮ ነው ምትጀምሪው። እንደነቁ መጋረጃውን ግለጪ፣ መብራት አብሪ። በዚ ወር ፀሐይ ምትወጣው 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ስለሆነ ሰርቪሱ ውስጥ መስኮት ጋ ይቀመጡ፣ መጋረጃውን አይዝጉት፣ የጠዋት ብርሃን ዓይናቸው ላይ ሲያርፍ የሰውነታቸው ሰዓት ወደፊት ይመጣና ማታ እንቅልፉ በራሱ ቀደም ይላል።

ሰርቪስ ካልን አይቀር ሌላም ነገር አለ። ከሰዓት ሲመለሱ ሰርቪሱ ላይ ይተኛሉ አይደል? ከሳሪስ ቱሉ ዲምቱ፣ የቃሊቲ መንገድ ሲጨናነቅ አንድ ሰዓትም ይፈጃል፣ ያን አንድ ሰዓት ሙሉ ተኝቶ የመጣ ልጅ ማታ አልጋ ላይ ቢያወራ አይፈረድበትም። ረዳቷን አነጋግሪያት፣ ከጓደኛ ጋ ታስቀምጣቸው፣ እያወራች ታምጣቸው። በጣም ከደከማቸው ቤት ገብተው ሃያ ደቂቃ ብቻ ጋደም ይበሉና አስነሺያቸው፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ግን በፍጹም አይተኙ።

ሂሳቡን ደሞ አብረን እንስራው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። 11 ተኩል ሚነሳ ልጅ ትንሹን 9 ሰዓት እንዲያገኝ ማታ 2 ተኩል ላይ ድብን ብሎ መተኛት አለበት፣ ትንሿ ደሞ 2 ሰዓት ብትተኛ ይሻላታል። አየሽው? አባታቸው በር ሚያንኳኳበት ሰዓት ማለት ነው። ዋናው ነገር እዚ ጋ ነው ያለው። ልጆቹ ሲጠብቁት ያመሻሉ፣ ሲገባ ደሞ በደስታ ይነቃሉ፣ ከዛ እራት፣ ከዛ ቲቪ፣ አራት ሰዓት ሆነ።

ምልሽ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ከአንድ ማዕድ መብላት ለኛ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ከሰኞ እስከ ሐሙስ ልጆቹ 1 ሰዓት ላይ እራታቸውን ይብሉና ይተኙ፣ የአባታቸውን ሰዓት ወደ ጠዋት አዙሩት። እሱ ይቀስቅሳቸው። ትንሿን ካልሲ እሱ ያልብሳት፣ ሰርቪሱ ጋ እሱ ያውርዳቸው፣ እነዛ አርባ ደቂቃዎች የነሱና የሱ ይሁኑ። ማታ ደክሞት፣ የመንገዱን ብስጭት ይዞ ከሚያያቸው ጠዋት ትኩስ ሆኖ ቢያያቸው ይሻላል ብዬ አምናለሁ፣ ልጅም አባቴ ነው ሚቀሰቅሰኝ ሲል አነሳሱ ራሱ ሌላ ነው። ዓርብና ቅዳሜ ማታ አብራችሁ ብሉ፣ አምሹ።

ጠዋት ምትሰሪውን ደሞ ወደ ማታ አምጪው። መብራት ሲኖር ዩኒፎርሙ ይተኮስ፣ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ለፊት መታጠቢያ ሚሆነው በባልዲ ይቀመጥ፣ ጫማቸው በጭቃ ርሶ ከመጣ ውስጡ ጋዜጣ ጠቅጥቂበት ያድርቀዋል። ትልቁ ቦርሳውን ራሱ ያዘጋጅ፣ የሳምንቱን ፕሮግራም ትልቅ አድርጎ ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፈውና እያየ ደብተሩን ይክተት፣ አንቺ አትክተቺለት፣ አንድ ቀን የእንግሊዝኛ ደብተሩን ቢረሳ ቢረሳ ነው። ትንሿ የነገ ካልሲዋን ማታ ራሷ መርጣ ጫማዋ ላይ ታድርግ። ቁርሱ ላይ አትጨነቂ፣ 11 ተኩል የተነሳ ሆድ ብዙ አይቀበልም፣ አንድ እንቁላል ወይ ግማሽ ሙዝ ወይ ትንሽ በሶ ይበቃል፣ የቀረውን በምሳ ዕቃ አስይዣቸው ለእረፍት ሰዓት። ሻይ ከምግብ ጋ ባይሰጣቸው ጥሩ ነው፣ ምግቡ ውስጥ ያለውን አይረን ሰውነት በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል።

ሁለት ሳምንት ታገሺ። የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ቀናት ይነጫነጫሉ፣ አንቺም ይከፋሻል፣ እንዳታቋርጪው።

ጥያቄ፦ ትምህርት የሚጀመረው ከመስቀል በኋላ ነው እያለ ሰው ሁሉ ልጁን አይልክም። እኛ ደሞ ጉራጌ ነን፣ መስቀልን አገር ቤት ሄደን ነው ምናከብረው፣ ሦስቱም ልጆች አብረው ይሄዳሉ። ከመሄዳችን በፊት ለሁለት ሳምንት ብልካቸው ምን ይጠቅማል?
አባት፣ ከጀሞ

መልስ፦ ላካቸው ወንድሜ። በነዛ ሁለት ሳምንታት መጽሐፍ ይታደላል፣ መቀመጫ ይያዛል፣ ጓደኛ ሚሆነው ከማን ጋ እንደሆነ ይለያል፣ መምህሩም ያምናውን ነው ሚከልሰው፣ ከመስቀል በኋላ ሚመጣ ልጅ ይሄ ሁሉ ካለፈ በኋላ ከኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። መስቀሉን ግን እንዳታስቀራቸው። ክትፎው ሲዘጋጅ፣ ደመራው ሲለኮስ፣ አያት ሲመርቅ ማየት መብታቸው ነው። ለሆም ሩም መምህሩ ቀኑን ቆርጠህ ንገረው፣ ደብተር ይያዙ፣ ትምህርት ከሚገቡበት ቀን አንድ ቀን ቀድማችሁ ተመለሱ፣ ሌሊት ገብተው ጠዋት ክፍል አይግቡ። አገር ቤት ደሞ ሰው ሚነሳው በጠዋት ነው፣ እዛ የለመዱትን የንጋት አነሳስ ሲመለሱ ይዘውት ይምጡ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ምትጽፍልኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። የካ አባዶ ነው ያለነው። የልጅ ልጄ 6 ዓመቱ ነው፣ እናቱ አረብ አገር ከሄደች ሦስት ዓመት ሆናት፣ እኔው ነኝ የማሳድገው። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል አስገባሁት፣ የመንግሥት ነው። በሩ ላይ ስንደርስ ነጠላዬን ይይዝና አለቅም ይላል፣ ለቅሶው አንጀቴን ይበላኛል። ሰዎች ደብቀሽው ጥለሽው ሂጂ አሉኝ፣ አንድ ቀን እንደዛ ባደርግ ከዛ ወዲህ ማታ እንኳ እጄን ይዞ ነው የሚተኛው፣ ሽንት ቤት ስሄድ ይከተለኛል። ላስቀረው ይሆን ዘንድሮን?
አያት፣ ከየካ አባዶ

መልስ፦ እማማ፣ እንደምን ሰነበቱ። አያስቀሩት። ደብቀውት እንዲሄዱ የመከሩዎት ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም፣ ለዚህ ልጅ ግን አይሆንም። አንድ ጊዜ እናቱ ሄዳለች፣ በሱ ልብ ውስጥ የሄደ ሰው ቶሎ አይመለስም፣ ዘወር ሲል እርስዎም ሲጠፉበት ያ የፈራው ነገር የደረሰ መስሎት ነው ማታ እጅዎን የሚይዘው። ስለዚ ፊት ለፊት ይሰናበቱት፣ አጭር ይሁን ግን። በየቀኑ እዛው ቦታ፣ እነዛው ቃላት፣ ግንባሩን ሳም አድርገው "ምሳ ትበላለህ፣ ትጫወታለህ፣ ደወል ሲደወል እዚ በር ላይ ታገኘኛለህ" ይበሉትና ለመምህሩ እጁን ሰጥተው ይሂዱ፣ ቢያለቅስም ዞር ብለው አይመለሱ። ሰዓት ቁጥር ለሱ ምንም አይገባውም፣ ምሳና ደወል ግን ይገባዋል። ደወሉ ከመደወሉ አምስት ደቂቃ በፊት በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁት፣ ለሁለት ሳምንት አንድም ቀን አያሳልፉ፣ እግርዎን ሚያምዎ ቀን እንኳ ምትጽፍልዎት ልጅ ትሂድልዎት፣ እሷ እንደምትመጣ ግን ጠዋት ይንገሩት።

ከአሮጌ ነጠላዎ ጫፍ የመሐረብ ያክል ቆርጠው ኪሱ ውስጥ ይክተቱለት። ክፍል ውስጥ ሆዱ ሲባባ እጁን ከቶ ይነካዋል፣ ሽታዎም አለበት። ይሄን ያደረጉ እናቶች አይቻለሁ፣ የአንዷ ልጅ ፔሬዱን ሙሉ እጇን ከኪሷ ሳታወጣ ትውላለች፣ ሳምንት ሳይሞላ ትረሳዋለች።

ይራብብኛል ብለው ደሞ አይጨነቁ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ቁርስና ምሳ እዛው ይበላሉ፣ በሰልፍ ቆሞ ከጓደኛ ጋ መብላት ራሱ ያላምደዋል፣ ስለዚ ቁርስ ሳያልፈው በጊዜ ያድርሱት። እናቱ ስትደውል ከትምህርት ቤት ከተመለሰ በኋላ ባለው ከሰዓት ይሁን፣ መኝታ ሰዓት ላይ አይሁን፣ ናፈቅከኝ ብላ አታልቅስበት፣ ዛሬ ከማን ጋ ተቀመጥክ ብላ ትጠይቀው። ብዙ ልጆች በሁለት ሦስት ሳምንት ይለምዳሉ። ወር አልፎት አሁንም ካለቀሰ፣ ጠዋት ጠዋት ሆዴን ካለ ወይ ካስመለሰው፣ መምህሩን ያማክሩ፣ ጤና ጣቢያም ያሳዩት።

ጥያቄ፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው፣ 9ኛ ክፍል። 8ኛን ጥሩ አምጥቶ ሲያልፍ ቃል ስለገባሁለት ስልክ ገዛሁለት፣ አሁን እስከ ሰባት ሰዓት ሌሊት ቲክቶክ ላይ ነው፣ ጠዋት ሬሳ ነው። ልንጠቀው ስል እናቱ ተው ትላለች። ማን ነው ልክ?
አባት፣ ከለገጣፎ

መልስ፦ ቃል ገብተህ የሰጠኸውን አትንጠቀው፣ ሁለተኛ ቃልህን አያምንም። ግን ስልኩም ማደሪያ ይኑረው። ማታ 3 ሰዓት ሲሆን ሳሎን፣ አንድ ቻርጀር ጋ፣ ሁሉም ስልክ እዛ ያድራል፣ ያንተም ያንቺም ብላችሁ እናንተው ጀምሩት። አባት ሶፋ ላይ ተጋድሞ ፌስቡክ እያየ ልጅን ስልክህን አስቀምጥ ቢል አይሰማም፣ ልክም ነው ባይሰማ። አላርም ያስፈልገኛል ይላል፣ ትንሽ የጠረጴዛ ሰዓት ግዛለት። ኖት በቴሌግራም ነው ሚላክልን ይላል፣ እውነቱን ነው፣ ከ3 ሰዓት በፊት ያውርደው፣ ደብተሩ ላይ ይገልብጠው።

ማወቅ ያለብህ ነገር ደሞ፣ በዚ ዕድሜ እንቅልፍ ሚያመጣው ሆርሞን ሜላቶኒን ከትንንሾቹ ዘግይቶ ነው ሚመጣው፣ ስለዚ በሁለት ሰዓት አልተኛም ቢልህ ስንፍና አይደለም። ችግሩ በዛ ላይ የስክሪኑ ብርሃን ይጨመርበታል፣ ቪዲዮው ደሞ ማለቂያ የለውም። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት፣ 12 ሰዓት ሚነሳ ከሆነ 4 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል። ይሄን ሌሊት በንዴት አታውራው። እሁድ ከሰዓት ቡና ሲፈላ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፣ ሰዓቱን ራሱ ያስላ።

ጥያቄ፦ ቲቸር እንዴት ኖት፣ እኔ 8ኛ ክፍል ነኝ፣ አቃቂ ነው ምኖረው። ዘንድሮ ሚኒስትሪ ተፈታኝ ነኝ። እናቴ ጉልት ሽንኩርትና ቲማቲም ነው ምትሸጠው፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ እሷ ጋ ሄጄ እስከ 1 ሰዓት አግዛታለሁ፣ ክረምቱንም ሙሉ እዛው ነበርኩ። ቤት ስንገባ እራት ሰርተን እስክንጨርስ አንድ ሰዓት ብቻ ነው ሚቀረኝ መብራት ካለ። የ7ኛ ክፍሉን ሂሳብ ሳየው ምንም ምንም አላስታውስም፣ ጓደኞቼ ክረምቱን ቲቶሪያል ተምረዋል፣ እኔ ጭንቅላቴ ባዶ ነው። ይደርስልኝ ይሆን?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ባዶ አይደለም። ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ ትርጉም የሌላቸው አጫጭር ቃላት እየሸመደደ ምን ያህሉን እንደሚረሳ በራሱ ላይ ሞክሮ ያገኘውን በ1885 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በአንድ ቀን ውስጥ ከግማሽ በላይ ይረሳል፣ ስለዚ መርሳትሽ የሰው ሁሉ ነው። ግን ሌላም ያገኘው ነገር አለ፣ የረሳውን እንደገና ሲያጠናው ከመጀመሪያው ባነሰ ጊዜ ይይዘዋል። አምና አንድ ሳምንት የፈጀብሽ ምዕራፍ ዘንድሮ ያን ያህል አይፈጅብሽም ማለት ነው።

ያችን አንድ ሰዓት ደብተር እያነበብሽ አትጨርሻት። ማንበብ የገባን ያስመስለናል፣ ደብተሩ ሲዘጋ ነው ባዶነቱ ሚታወቀው። አንድ ገጽ አንብቢ፣ ዝጊው፣ በሌላ ወረቀት ላይ ከጭንቅላትሽ ያለውን ጻፊ፣ ከዛ ከፍተሽ የጎደለውን በቀይ ሙዪው። በማግስቱ እሱኑ እንደገና፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ። ሂሳብ ከሆነ አምስት ጥያቄ ሳታዪ ስሪ፣ ሰላሳ ጥያቄ ከነመልሱ ከምታነቢ ይሻላል።

ጉልቱንም ተጠቀሚበት። ፐርሰንት ከበደኝ ካልሽ በኪሎ ምን ያህል እንዳተረፋችሁ ከመቶ አስልተሽ ለእናትሽ ንገሪያት፣ ደምበኛ በሌለበት ሰዓት ደሞ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ላይ ሦስት ጥያቄ ጽፈሽ ይዘሽ ሂጂ። እናትሽንም አናግሪያት። እስኪ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ገበያው ቀዝቀዝ ሚልበትን ቀን መርጣችሁ፣ 11 ሰዓት ላይ ልቀቂኝ በያት። ሚኒስትሪ እንዳለብሽ ታውቃለች፣ ምን ያህል ሰዓት እንደሚያስፈልግሽ ግን ካልነገርሻት አታውቅም። መብራት ከጠፋ ተኚና በንጋት ተነሺ፣ ሌሊቱን በሻማ አትጨርሺው፣ ያጠናሽውን ሚያስቀምጥልሽ እንቅልፉ ነው።

ያምናውን ደብተር ደሞ ለሱቅ መጠቅለያ እንዳትሰጪ፣ ከሰጠሽም የጓደኛሽን ተዋሺ። ዛሬ ማታ የሂሳቡን አውጪ፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ርዕስ ብቻ አንብበሽ ዝጊውና ስለሱ ምታስታውሺውን ጻፊ፣ ሦስት መስመር ብቻ ቢወጣሽ ከሦስቷ መስመር ነው ምትቀጥዪው።